የማያልቀው ቤት ጓዳ

ጠጋ በሉማ፤ ይህን ጮክ ብዬ የምናገረው አይደለም። የሰው ረቂቅ ላይ ቀይ እስክርቢቶ ይዘን የምናመሽ አርታዒዎች ስለ ምናባዊ ልቦለድ እርስ በርስ የምንቀባበለው አንድ የጓዳ ሕግ አለን። የፈጠርከውን ዓለም ቶሎ አስረዳ፣ ግራ የገባው አንባቢ መጽሐፉን ዘግቶ ይነሣል የሚል። ይህን ሕግ በስንት ጀማሪ ደራሲ ላይ እንደጫንነው እኛው እናውቃለን። ውጤቱንም እናውቀዋለን፤ ንጉሡ፣ አስማቱ፣ የአገሩ ካርታ፣ የጦርነቱ መንሥኤ ሁሉ በመጀመሪያው ገጽ ተደርድሮ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ አንባቢን የሚያስከትል ምን ይቀራል?

ሱዛና ክላርክ «ፒራኔሲ»ን የጻፈችው ይህ ሕግ ጨርሶ ያልተነገራት ይመስል ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ነው (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። 300 ገጽ አይሞላም። በ2021 የብሪታንያውን የሴቶች የልቦለድ ሽልማት ወስዷል። ሽልማቱን ግን ለማስታወቂያ ሠራተኞቹ እንተውላቸው። እኔ ማሳየት የምፈልገው መጽሐፉ ከውስጥ እንዴት እንደተገጣጠመ ነው፤ መጨረሻውን ሳላበላሽባችሁ።

መቼቱ አንድ ቤት ነው። አዳራሽ ከአዳራሽ እየተቀጣጠለ ማለቂያ ያጣ፣ በየግድግዳው ሐውልት የቆመበት ቤት። የታችኛው ክፍል ባሕር ገብቶበት ሰጥሟል፤ የላይኛው በደመና ተውጧል፤ ሰው የሚኖረው በመካከለኛው ነው። ሰው ስል ተራኪውን ነው። በምዕራብ እስከ 960ኛው፣ በሰሜን እስከ 890ኛው፣ በደቡብ እስከ 768ኛው አዳራሽ ድረስ ሄዷል፤ ዳርቻውን አላየም። ዓሣ ያጠምዳል፤ የባሕር ሣር አድርቆ ያነድዳል፤ የባሕሩ ሙላት በየትኛው ሰዓት የትኛውን አዳራሽ እንደሚያጥለቀልቅ አስልቶ በደብተር ይይዛል። ልቦለዱ ያ ደብተር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ይከብዳሉ፤ አልዋሻችሁም። ተራኪው በስምንት ዓመት አንዴ የሚሆነውን የሦስት ሙላቶች መገናኘት ሊያይ ይነሣና፣ በሦስተኛው ሰሜናዊ አዳራሽ ጨረቃ ወጥታ፣ በዘጠነኛው መግቢያ ቆሞ፣ እያለ ቁጥርና አቅጣጫ ይደረድራል። መጽሐፉን ጀምረው የተዉት ወዳጆቼ የተሰናበቱት እዚህ ላይ ነው። ረቂቁ ወደ እኔ ጠረጴዛ ቢመጣ ኖሮ ከእነዚያ አዳራሾች ግማሹ በቀይ ይሰረዝ ነበር ብዬ እፈራለሁ። ቢሰረዝ ደግሞ መጽሐፉ ይሞታል። ቁጥሮቹ በቃል እንድንይዛቸው የተጻፉ አይደሉም፤ ሰውየውን ነው የሚያስተዋውቁን። ብቻውን ሆኖ ሥርዓት ያልለቀቀ፣ ያየውን እንዳየው የሚጽፍ፣ ሳይለካ የማያወራ ሰው። ይህን ሰው ካመናችሁት የቀረው ሁሉ ይከፈትላችኋል። ስለዚህ እርሳስ አንሥታችሁ የቤቱን ካርታ ለመሳል አትድከሙ። ድምፁን እየሰማችሁ እለፉ። ደራሲው አዳም ረታን ታግሦ ያነበበ ሰው እንዲህ ላለው አገባብ አዲስ አይደለም።

ወደ ዋናው ልግባ። በተለመደው የምስጢር ልቦለድ መርማሪው ማስረጃውን በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ለእኛ በመጨረሻው ምዕራፍ ይነገረናል። ልብ ሰቀላው የሚሠራው ከእኛ በመደበቅ ነው። «ፒራኔሲ» ውስጥ ግን ምስጢሩ የተደበቀው ከተራኪው ነው። እኛ ቀድመነው እንደርሳለን፤ ደርሰንም ልንነግረው አንችልም።

በቤቱ ውስጥ አንድ ሌላ ሕያው ሰው አለ። ተራኪው «ሌላው» ብሎ ይጠራዋል። ማክሰኞና ዓርብ ለአንድ ሰዓት ያህል ይገናኛሉ። ሌላው ሱፍ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ ጢሙን ተስተካክሎ ይመጣል። በእጁ የሚያበራ መሣሪያ አለ፤ እያወራ በጣቱ ይነካካዋል። አንዳንድ ጊዜ ለተራኪው ጫማ ያመጣለታል፤ አንዳንድ ጊዜ የመኝታ ከረጢት፣ የቫይታሚን እንክብል። ተራኪው ዕቃዎቹ ከየት እንደመጡ አይመረምርም። ቤቱ ለልጆቹ የሚያስብ ቸር ስለሆነ፣ ያ ሰው ደግሞ ዓሣ ማጥመድም መረብ መሥራትም ስለማይሆንለት፣ ቤቱ አዝኖለት ብዙ ዕቃ ይሰጠዋል ብሎ ያስባል። ለእሱ ያዝንለታል!

እኛስ? ያ የሚያበራ መሣሪያ ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ገጽ መግለጥ አያስፈልገንም፤ ምናልባት ልቦለዱን የምናነበው በእሱው ላይ ነው። ሱፍ ካለ ልብስ ሰፊ አለ፤ ልብስ ሰፊ ካለ ከተማ አለ። የማክሰኞና የዓርብ ቀጠሮ ካለ ደግሞ በሌሎቹ ቀናት ሌላ ሥራ ያለው ሰው አለ። ይህን ሁሉ ተራኪው ራሱ ነው የነገረን፤ በትክክል፣ ሳያጎድል፣ ሳይገባው። ጓደኛዬ እያለ ይጽፋል፤ እኛ ከመጽሐፉ ውጭ ቆመን ተው እንለዋለን። ጭራቅ የለም፤ ደም የለም። ፍርሃቱ ሁሉ የሚመጣው አንድ ደግ ሰው ለማይገባው ሰው ሲታመን ከማየት ነው።

ሰምና ወርቅ ስንል ባለቅኔው ወርቁን ያውቀዋል፤ ሰሙን የሚያስቀድመው ሆን ብሎ፣ ሰሚውን ሊፈትን ነው። የ«ፒራኔሲ» ተራኪ ወርቁን የማያውቅ ባለቅኔ ነው። የሚናገረው ንጹሕ ሰም ነው፤ ወርቁን የምናወጣው እኛ፤ ባወጣን ቁጥር ደግሞ ደስታችን ላይ ኀዘን ይቀላቀልበታል። በቅኔ ጆሮው የተገራ አንባቢ ይህን መጽሐፍ ከለንደኑ አንባቢ ይልቅ ያጣጥመዋል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ስለ ዘመን አቆጣጠሩም ልንገራችሁ። ተራኪው ዓመቱን በቁጥር አይጠራም፤ አልባትሮስ ወደ ደቡብ ምዕራቦቹ አዳራሾች የመጣበት ዓመት ይለዋል። ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ እያልን ለምንቆጥር፣ አያቶቻችንም የተወለዱበትን ጊዜ ጣሊያን በገባ በማግሥቱ ዓመት ብለው ለሚነግሩን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አልባትሮስ ክንፉን ሲዘረጋ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የባሕር ወፍ ነው። ጥንድ አልባትሮሶች መጥተው ጎጆ መሥሪያ ሲያጡ ተራኪው ለማገዶ ያደረቀውን የባሕር ሣር ተሸክሞ ይወስድላቸዋል። ሲሰጥም ዝም ብሎ አይሰጥም፤ ያ ሣር ስንት ቀን ያሞቀው እንደነበር ያሰላል። አስልቶ ሲያበቃ፣ ዓለም ላይ አንድ አዲስ አልባትሮስ ከተጨመረ እኔን ጥቂት ቀን ቢበርደኝ ምን አለበት ብሎ ይወስናል። ዓመቱን በወፏ የሰየመው ያለምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ያ የዓመት አጠራር ለውበት ብቻ የገባ እንዳይመስላችሁ። ተራኪው ብዙ ደብተሮች አሉት፤ ማውጫም ሠርቶላቸዋል። የቆዩት ደብተሮች ላይ ዓመቱ በቁጥር፣ እንደማንኛችንም አጻጻፍ ሰፍሯል፤ በገዛ እጁ ጽሑፍ። የደብተሮቹም ተራ ቁጥር አንድ ጊዜ ተለውጧል። ይህን በምታገኙበት ገጽ ላይ ቆም በሉ። በእኛ ሙያ ቋንቋ ንግር የምንለው ነገር ነው፤ ወደፊት የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁም። ብዙ ደራሲዎች ንግራቸውን በደማቅ ቀለም ይቀቡታል፤ ክላርክ የቢሮ ጸሐፊ ሥራ አስመስላ መዝገብ ውስጥ አስገባችው። ሌላም ልጨምር፦ የባሕር ወፎች ጎጆ ውስጥ የተቀዳደደ ወረቀት ይገኛል። ተራኪው ብጥስጣሹን እየለቀመ ይገጣጥማል። ማን ቀደደው ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከእኔ አትጠብቁ።

ሙታኑንም አትለፏቸው። ተራኪው ዓለም ከተፈጠረች ጀምሮ መኖራቸው የተረጋገጠ ሰዎች 15 ናቸው ይላል፤ እሱ፣ ሌላው፣ እና በየአዳራሹ ያገኛቸው 13 አጽሞች። አጽሞቹን እንደ ዘመድ ይጠይቃቸዋል፤ የሚበላ የሚጠጣ ያቀርብላቸዋል። አንደኛውን የብስኩት ሣጥን ሰው ብሎታል፤ አጥንቶቹ ከብስኩት ሣጥን ጋር ስለተገኙ። ማለቂያ በሌለው የእብነ በረድ ቤት ውስጥ የብስኩት ሣጥን! እሱ ስም ያወጣበታል፤ የእኛ ጀርባ ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ የ16ኛው ሰው ወሬ ይመጣል። ሌላው፣ ያ ሰው ካናገረህ ታብዳለህ፣ ሽሽ ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ከዚህ በኋላ ሴራው ይፈጥናል፤ እኔም እዚህ ላይ አፌን እይዛለሁ።

ስለ ርእሱ ግን ላውራ፤ ርእሱ ራሱ የክፋት ቀልድ ነው። ፒራኔሲ የተራኪው ስም አይደለም። ሌላው ያወጣለት ነው፤ ተራኪውም ስሜ እንዳልሆነ ይሰማኛል ይላል። እውነተኛው ጆቫኒ ባቲስታ ፒራኔሲ ከ1720 እስከ 1778 የኖረ፣ ከቬኔስያ አካባቢ ወጥቶ ሮም ላይ የሠራ የሕትመት ሠዓሊና የሥነ ሕንጻ ሰው ነው። ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው በተለይ ምናባዊ እስር ቤቶችን ባሳየባቸው ሥዕሎች ነው። በ1750 ገደማ 14 ሆነው ታተሙ፤ በ1761 አጨልሞና አጥብቆ እንደገና ሲያሳትማቸው 16 አደረጋቸው። ደረጃ ወደ ደረጃ ይወጣል፣ ድልድይ በድልድይ ላይ ይንጠለጠላል፣ መውጫ የለም፤ ከሥር ጥቃቅን ሰዎች ይርመሰመሳሉ። እንግዲህ አንድ ሰው ሌላውን ሰው በዚህ ስም ሲጠራ ምን ማለቱ ነው? ተራኪው ቤቴ እያለ የሚያመሰግነው ነገር ምን እንደሆነ ጠሪው ያውቃል፤ ስሙን በጠራ ቁጥር በልቡ ይስቃል። ክላርክ ይህን ቀልድ ዘርዝራ አታብራራውም። ሥዕሎቹን የሚያውቅ ብቻ ገና ከሽፋኑ ይደነግጣል።

እንዲህ ያሉ የውስጥ ሰዎች ምልክቶች ሌሎችም አሉ። መጽሐፉ ከመጀመሩ በፊት ከሲ. ኤስ. ሉዊስ የ1955 የልጆች ልቦለድ፣ ከ«የአስማተኛው የወንድም ልጅ»፣ የተወሰደ ጥቅስ አለ። በዚያ ልቦለድ አጎት አንድሩ የተባለ ሰው ለራሱ ምርምር ሲል ሕፃናትን ወደ ሌላ ዓለም ይልካል፤ እሱ ራሱ ግን ለመሄድ ይፈራል። የቤተሰብ ስሙ ኬተርሊ ነው። ከ«ፒራኔሲ» ገጸባሕርያት አንዱም ኬተርሊ ይባላል። የትኛው እንደሆነ ስትደርሱበት ታዩታላችሁ። ተራኪው ከሐውልቶቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ደግሞ ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች ፍየል የሆነውን ነው፤ አንድ ጊዜም ያ ፍጡር በበረዷማ ጫካ ከአንዲት ሕፃን ጋር ሲነጋገር በሕልሙ ያየዋል። የሉዊስን የናርኒያ መጻሕፍት ያነበበ ልጅ ያላችሁ ሕልሙን ለልጃችሁ ንገሩት፤ ማንን እንዳየ ይነግራችኋል። በመጀመሪያው መግቢያ ላይ የቆሙት የበሬ ራስ ያላቸው ሐውልቶችስ? እነሱ ለቦርኼስ የተሰጡ እጅ መንሻ ናቸው። አርጀንቲናዊው ደራሲ በ1947 ያወጣት «የአስቴርዮን ቤት» የምትባል አጭር ልቦለድ ለዚህ መጽሐፍ መነሻ እንደሆነቻት ክላርክ ራሷ ተናግራለች። ጥቂት ገጾች ናት፤ ከ«ፒራኔሲ» በፊት ሳይሆን በኋላ ብታነቧት ይሻላል።

የደራሲዋ ጓዳ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ክላርክ ኖቲንግሃም ውስጥ በ1959 ተወለደች። ቱሪንና ቢልባኦ እንግሊዝኛ አስተምራለች፤ ከዚያ ካምብሪጅ ላይ የምግብ አሠራር መጻሕፍት አርታዒ ሆነች። (የሙያ ጓደኛዬ ናት ማለት ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኝ ነበር።) የመጀመሪያ ልቦለዷን፣ «ጆናታን ስትሬንጅ እና ሚስተር ኖሬል»ን፣ ዐሥር ዓመት ያህል ሠርታበት በ2004 አወጣችው፤ ከ700 ገጽ በላይ፣ በግርጌ ማስታወሻ የታጨቀ፣ የሌሉ መጻሕፍትን እንዳሉ አድርጎ የሚጠቅስ። ዓለም አቀፍ ዝና መጣላት። ብዙም ሳይቆይ ታመመች፤ ከአልጋ የማያስነሣ፣ አእምሮንም የሚያዳክም፣ የዘለቀ የድካም ሕመም። የሁለተኛው ልቦለድ ረቂቅ አልሄድ አለ። ቢቢሲ የመጀመሪያውን መጽሐፍ በ2015 ለታየው የቴሌቪዥን ድራማ ሲሠራው የቀረጻውን ቦታ ጎበኘችና እዚያ እንደ ደራሲ ስትከበር ደራሲነቷ እንደተመለሰላት ተናግራለች። ያን ጊዜ ያነሣችው ትልቁን ሳይሆን የምትችለውን ነው። ገጸባሕርያቱ ጥቂት፣ የታሪክ ምርምር የማይጠይቅ፣ ሐሳቡ ከመጀመሪያው መጽሐፍ በፊት አብሯት የኖረ።

በሁለቱ ልቦለዶች መካከል ያለው ልዩነት 16 ዓመት ነው። ቤት ውስጥ የተዘጋባት ሴት ስለማያልቅ ቤት ጻፈች ማለት ለጋዜጠኛ ይቀልላል፤ መጽሐፉ የወጣው ዓለም ሁሉ በወረርሽኝ በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት ወቅት በመሆኑ ደግሞ ንጽጽሩ እንደ ጉድ ተወራ። ወረርሽኙ ሳይመጣ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። እኔን የሚደንቀኝ ሌላ ነው፤ ተራኪው ስለ ቤቱ አንድም ጊዜ ሲያማርር አለመስማቴ። ውሱንነትን ወደ ልቅሶ መለወጥ ቀላል ነበር፤ እሷ ግን ተራኪዋን በየማለዳው ሥራ ያለው፣ የሚጠብቁት ሙታንና ወፎች ያሉት ሰው አድርጋ ሠራችው።

አሁን ከሁሉ አጥብቄ የምነግራችሁን ስሙ። ሌላው ወደ ቤቱ የሚመላለሰው አንድ ነገር ፍለጋ ነው፤ ታላቁና ምስጢራዊው ዕውቀት ይለዋል። ተገኘ ማለት መብረር፣ የሰውን ልብ ማንበብ፣ ሌሎችን ማዘዝ ይቻላል ብሎ ያምናል። ተራኪው አዳራሽ ለአዳራሽ እየዞረ ያስስለታል። አንድ ምሽት በምዕራብ በኩል ባለ ሩቅ አዳራሽ፣ ሐውልቶቹን በጨረቃ ብርሃን ሲያይ፣ ፍለጋው ራሱ ስሕተት እንደሆነ ይገለጥለታል። ቤቱ ተፈትቶ የሚጣል እንቆቅልሽ አይደለም ይላል፤ አንድ ነገር ለማግኘት መንገድ ስለሆነ ሳይሆን ስላለ ብቻ የከበረ ነው።

ይህ ገጽ ለአንባቢም የተጠመደ ወጥመድ ነው። እኛ እስከዚያ ድረስ ምን ስናደርግ ነበር? ሌላው ማነው፣ ቤቱ የት ነው፣ ተራኪው ከየት መጣ እያልን ፍንጭ ስንለቅም፣ የሐውልቶቹን ገለጻ በዓይናችን ገረፍ እያደረግን ስናልፍ ነበር። ማለትም ቤቱን የምናየው በዚያ በክፉው ሰውዬ ዓይን ነበር። ለመፍታት የሚጣደፍ አንባቢ ሳያውቀው ከማክሰኞና ከዓርቡ ሰው ጎን ይቆማል። እንደ ምስጢር ልቦለድ ከለካነው እንቆቅልሹ ያን ያህል ከባድም አይደለም፤ ነቃ ያለ አንባቢ መሐል ሳይደርስ አብዛኛውን ይገምታል። አንዳንድ ሐያሲም ይህን እንደ ድክመት ሲቆጥረው ሰምቻለሁ። ለእኔ ግን ደራሲዋ መልሱን ቀድማ የሰጠችን ለመልሱ ስንሮጥ ያለፍነውን አዳራሽ ተመልሰን እንድናየው ይመስለኛል።

ስለዚህ የጀርባውን ሽፋን ሳታነቡ ጀምሩት፤ ከጨረሳችሁ በኋላ ደግሞ እንደገና ክፈቱት። በሁለተኛው ንባብ የሌላውን ንግግር ብቻ ተከተሉ፤ እያንዳንዷ ጥያቄው ምርመራ እንደነበረች፣ ቫይታሚኑም ጫማውም ከምን ስሌት እንደመጡ ያኔ ይታያችኋል። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚያደክማችሁ ካላችሁ በቺወተል ኤጂዮፎር ድምፅ የተተረከው አለ። ተዋናዩ ተራኪውን አያሞኘውም፤ ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። የሰውየው ቅንነት እንደ ጅልነት ከተነበበ መጽሐፉ ያልቅለታል።

ፊልሙ ግን ያሳስበኛል። በአሻንጉሊት እንቅስቃሴ ፊልሞቹ የሚታወቀው ላይካ የተባለ የአሜሪካ ስቱዲዮ በ2024 ልቦለዱን እንደሚሠራው አስታውቋል፤ አዘጋጁ ትራቪስ ናይት ነው። በወረቀት ላይ ተራኪው የሚያበራ መሣሪያ ሲለን፣ ስልክ መሆኑን የምናውቀው እኛ ነን፤ በእሱ ቃልና በእኛ ዕውቀት መካከል ያለችው ክፍተት ናት መጽሐፉን የያዘችው። ካሜራ እንዲህ ዓይነት ክፍተት የለውም፤ ስልኩን ስልክ አድርጎ ያሳየዋል፣ ሱፉን ሱፍ። ምናልባት በእጅ የተቀረጸ አሻንጉሊት እጅ ውስጥ ያለ ስልክ ለእኛም እንግዳ ነገር ሆኖ ይታየን ይሆናል፤ ስቱዲዮው የቆጠረው በዚያ ከሆነ ብልኀት ነው። እስከዚያው መጽሐፉን ቀድማችሁ አንብቡት።